የሶፓ እና የፒፓ ተቃውሞ በዜና ተቋማት ሽፋን

ሶፓ እና ፒፓ በ2011 ለአሜሪካ ምክር ቤቶች የቀረቡ ሁለት ረቂቅ ሕጎች ናቸው (ዘመኑ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው)። ፒፓን በሜይ ወር ለሴኔቱ ያቀረቡት የቨርሞንቱ ፓትሪክ ሌሂ፣ ሶፓን በኦክቶበር 26 ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት ደግሞ የቴክሳሱ ላማር ስሚዝ ነበሩ። በውጭ አገር ድረ ገጾች የሚካሄደውን የፊልምና የሙዚቃ ስርቆት ለመግታት የታሰቡ ቢሆኑም፣ የፍለጋ ድርጅቶች የተከሰሰውን ገጽ ከውጤታቸው እንዲያነሱ፣ የክፍያና የማስታወቂያ ድርጅቶችም ከገጹ ጋር ያላቸውን ሥራ እንዲያቋርጡ በፍርድ ቤት ማስገደድ ስለሚያስችሉ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ተቃውሞው በተዘገበበት መንገድ ላይ ነው፤ ዘጋቢዎቹ ተቋማት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለጉዳይ ነበሩና።

በጊዜው ኤንቢሲ የኮምካስት፣ ኤቢሲ የዲዝኒ፣ ሲኤንኤን የታይም ዋርነር፣ ፎክስ ደግሞ የሩፐርት መርዶክ ኒውስ ኮርፖሬሽን ንብረት ነበር። ከጣቢያዎቹ ጋር የፊልም ስቱዲዮም የነበራቸው እነዚሁ ኩባንያዎች ከሕጉ ደጋፊዎች መካከል ነበሩ። የመገናኛ ብዙኃንን ዘገባ የሚከታተለው ሚዲያ ማተርስ የተባለ ድርጅት በጃንዋሪ 2012 መጀመሪያ ባወጣው ጥናት፣ ሕጉ ምክር ቤት ውስጥ በሚመረመርባቸው በእነዚያ ወራት የትልልቆቹ ጣቢያዎች የምሽት ፕሮግራሞች ስለ ሶፓ ከሞላ ጎደል ምንም እንዳልተነፈሱ አሳይቷል፤ ያገኘው አንድ የሲኤንኤን ዘገባ ብቻ ነው። ድርጅቱ ግራ ዘመም ነው፤ የቆጠረውን ግን ማንም መቁጠር ይችላል። በእርግጥ ቆጠራው ዝምታውን እንጂ የዝምታውን ምክንያት አያሳይም። ዝምታውን ከሰበሩት መካከል ሊጠቀስ የሚገባው የኤንቢሲ እህት ጣቢያ በነበረው በኤምኤስኤንቢሲ ፕሮግራም ያቀርብ የነበረው ክሪስ ሄይስ ነው። ጃንዋሪ 15፣ እሁድ ጠዋት፣ የኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን የሕግ ኃላፊ ሪቻርድ ኮተንን ሬዲት ከተባለው የውይይት ድረ ገጽ መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከአሌክሲስ ኦሃንያን ጋር በዚያው በኩባንያው ጣቢያ ፊት ለፊት አከራክሯል።

ጃንዋሪ 18 የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለ24 ሰዓት ተዘጋ። ከ1,800 በላይ በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች ለሦስት ቀናት ተወያይተው የደረሱበት ውሳኔ ነበር። ቀኑ በእኛ ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ የከተራ ዋዜማ ላይ ይውላል። መዘጋቱ ለመላው ዓለም ስለነበር አዲስ አበባ ላይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መጣጥፍ የከፈተ ሰው ጽሑፉ ብልጭ ብሎ ወዲያው በጥቁር ገጽ ሲሸፈን ያይ ነበር። በጥቁሩ ላይ የደበዘዘ የትልቅ ደብልዩ ፊደል ጥላ ይታያል፤ ከጎኑ ነጻ እውቀት የሌለበትን ዓለም አስቡት የሚል ርዕስና ጥቂት መስመሮች፤ ለአሜሪካውያን ደግሞ የፖስታ ቁጥራቸውን ሲያስገቡ የተወካያቸውን አድራሻ የምታወጣ ትንሽ ሳጥን ነበረች። ገጹን 162 ሚሊዮን ሰዎች እንዳዩት፣ 8 ሚሊዮን የሚሆኑት በሳጥኗ እንደተጠቀሙ ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን አስታውቋል። ሬዲት ለ12 ሰዓት ተዘጋ፤ ጉግል አርማውን በጥቁር ሸፍኖ ያሰባሰበው ፊርማ ከ7 ሚሊዮን አለፈ።

በዚያ ቀን ዝም ያለ ጣቢያ አልነበረም። ነገር ግን ብዙው ዘገባ ያጠነጠነው ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በምን ይሠራሉ በሚለው ላይ ነው። የዊኪፒዲያ መሥራች ጂሚ ዌልስ ራሳቸው ተማሪዎች ቀደም ብለው እንዲሠሩ በትዊተር አስጠንቅቀው ነበር፤ ጋርዲያን፣ ዋሽንግተን ፖስትና ኤንፒአርም ዊኪፒዲያን ተክተው የአንባቢ ጥያቄ ለመመለስ በትዊተር ተባበሩ። ኒውዮርክ ታይምስን ጨምሮ ሌሎች ጉዳዩን የአዲሱና የአሮጌው ኢኮኖሚ ትግል አድርገው አቀረቡት። ስዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጉግል ጥቅሙን ያውቃል። ቢሆንም ያለ አንዳች ክፍያ መጣጥፍ የሚያርሙት ሰዎችና ለተወካዮቻቸው የደወሉት መራጮች ከታሪኩ ጠፉ። የፊልም ስቱዲዮዎች ማኅበር መሪ የነበሩት የቀድሞው ሴናተር ክሪስ ዶድ መዘጋቱን ሥልጣንን ያለ አግባብ መጠቀም ብለውታል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 20፣ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ሃሪ ሪድ ሴኔቱ በፒፓ ላይ ሊሰጥ የነበረውን ድምፅ አራዘሙ፤ ስሚዝም ሶፓን ወደ ጎን አደረጉት። በፌብሩዋሪ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር መሪ ኬሪ ሸርማን በኒውዮርክ ታይምስ ባወጡት ጽሑፍ፣ አድሏዊ የነበሩት ገለልተኛ መስለው ተጠቃሚዎቻቸውን የቀሰቀሱት ዊኪፒዲያና ጉግል እንጂ ዜናን ከአቋም የሚለዩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አይደሉም ሲሉ ተከራከሩ። ስለ ዊኪፒዲያ ገለልተኝነት አዘጋጆቹም መዘጋቱን ከመወሰናቸው በፊት በግልጽ ተከራክረውበታል። በ2013 ዮካይ ቤንክለርና ባልደረቦቻቸው በሃርቫርድ በርክማን ማዕከል 9,757 ጽሑፎችን መርምረው፣ ክርክሩን በዋናነት የመሩት እንደ ቴክደርት ያሉ አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድረ ገጾች መሆናቸውን አሳይተዋል።

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓም ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ ተቃውሞዎች ተነስተዋል። ሃንጋሪ በ2014 ያቀደችውን የኢንተርኔት ግብር ከአደባባይ ሰልፎች በኋላ ትታዋለች። በአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት መመሪያ ላይ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ተደገመ፤ መመሪያው ለጋዜጣ አሳታሚዎች አዲስ የክፍያ መብት ስለሚሰጥ፣ ክርክሩን የሚዘግቡት ጋዜጦች ከውጤቱ ተጠቃሚ ነበሩ። የጀርመንኛው ዊኪፒዲያ በማርች 21 ቀን 2019 ተዘጋ። ፖለቲከኞች ተቃዋሚዎቹን አንዴ ቦቶች (ሰው መስለው መልእክት የሚልኩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች)፣ አንዴ የተገዙ ሰልፈኞች ብለዋቸው ነበርና፣ ማርች 23 በጀርመን ከተሞች አደባባይ የወጡት ወጣቶች ቦት አይደለንም የሚል ጽሑፍ ይዘው ታዩ። ከሦስት ቀን በኋላ መመሪያው በአውሮፓ ፓርላማ በ348 ድጋፍ፣ በ274 ተቃውሞና በ36 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።