ሴኔሰንስ ምንድን ነው? መከፋፈል አቁመው ስለማይሞቱ ሴሎች

አንድ ሴል መከፋፈሉን ለዘለቄታው አቁሞ፣ ግን ሳይሞት ሲቀር ሴኔሰንስ ውስጥ ገባ ይባላል። ሴሉ በሕይወት አለ። ይመገባል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ በዙሪያው ላሉ ሴሎች መልእክት ይልካል። መባዛት ላይ ግን በቃኝ ብሏል። ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ሰው ሲያረጅ በሽታ ለምን እንደሚደራረብበት የሚያጠኑ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ዛሬ ዓይናቸውን የጣሉት እዚህ ላይ ነው።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የነበረው እምነት ሌላ ነው። ሴል ከሰውነት ወጥቶ በቤተ ሙከራ ከተመቸው ያለ ማቋረጥ ይባዛል ይባል ነበር። ይህን ያስፋፋው የኖቤል ተሸላሚው አሌክሲስ ካሬል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ከዶሮ ፅንስ ልብ ወስዶ ማሳደግ የጀመራቸው ሴሎች እሱ ከሞተም በኋላ እስከ 1946 ቆይተዋል ተባለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሴሎቻቸው መባዛት ሲያቆሙባቸው ጥፋቱን በራሳቸው አያያዝ ያሳብቡ ነበር።

በ1961 ፊላደልፊያ በሚገኘው ዊስታር ኢንስቲትዩት ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ይህን እምነት ናዱት። የሰው ፅንስ ሴሎች 50 ጊዜ ገደማ ከተከፋፈሉ በኋላ እንደሚያቆሙ አሳዩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ያረጋገጡበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሴሎችንና ገና ጥቂት ጊዜ የተከፋፈሉ የሴት ሴሎችን በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። ከወንዱ ሴሎች የተወሰኑትን ደግሞ ለብቻቸው አስቀመጡ። ለብቻቸው ያሉት መከፋፈል ሲያቆሙ ቅልቅሉ ያለበትን ዕቃ አዩ። እዚያ ውስጥ የተረፉት የሴቷ ሴሎች ብቻ ነበሩ። ምግቡ አንድ፣ ዕቃው አንድ። የምግብ ጉድለት ወይም ቫይረስ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በጎዳ ነበር። ቆጠራው ያለው ራሱ ሴሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሴሎቹን በቅዝቃዜ አቆይተው ሲያወጧቸው እንኳ ከተዉበት ቁጥር ነው የቀጠሉት።

የሚቆጥረው ምንድን ነው? በክሮሞሶም ጫፍ ላይ ያለው ቴሎሜር የተባለ ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ያጥራል፤ ከልክ በላይ ሲያጥር ሴሉ ይቆማል። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 ኖቤል ያገኙት በዚሁ በቴሎሜር ሥራ ነው። መንስኤው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ጨረር፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ወይም ካንሰር የሚያስነሳ የጂን ለውጥ ገና ወጣት የሆነን ሴል ሳይቀር ሊያቆሙት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሴኔሰንስ ከመሠረቱ ጉዳት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ዲኤንኤው የተበላሸ ሴል መባዛቱን ከቀጠለ መጨረሻው ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፒ53 እና ፒ16 የተባሉ ፕሮቲኖች ፍሬን ይይዙበታል። ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። ፅንስ ሲያድግ አካሉ ቅርጽ እንዲይዝ ያግዛል። በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ እነዚህ ሴሎች የተወገዱባቸው አይጦች ቁስላቸው ቶሎ እንደማይድን አሳይቷል። «ያረጁ ሴሎችን ከሰውነትዎ ያጽዱ» የሚል ማስታወቂያ ስሰማ የሚከነክነኝም ለዚህ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? መቆየቱ ላይ ነው። የቆመ ሴል ዝም አይልም። የሴል ተመራማሪዋ ጁዲት ካምፒሲና ባልደረቦቿ በ2008 በዝርዝር እንዳሳዩት፣ ብግነት የሚቀሰቅሱ እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉ ፕሮቲኖችን ያለ ማቋረጥ ይረጫል። በሴሎች መካከል ያለውን ማያያዣ የሚበሉ ኤንዛይሞችንም ይለቃል። ጤነኛ ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ እሱን ተከትለው ሊቆሙ ይችላሉ። ወጣት ሳለን የበሽታ መከላከያችን እንዲህ ያሉ ሴሎችን እየለቀመ ያስወግዳል። ዕድሜ ሲገፋ ለቀማው ይዳከማል፤ አዳዲሶቹም ይበረክታሉ። መገጣጠሚያ፣ ደም ሥር፣ ሳንባና የስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ይጠራቀማሉ።

ይህ መላ ምት ብቻ እንዳልሆነ ያሳዩት አይጦች ናቸው። በ2011 በአሜሪካ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ቶሎ የሚያረጁ አይጦችን ወስደው፣ ፒ16 የበዛባቸው፣ ማለትም መከፋፈል ያቆሙ ሴሎች፣ አንድ መድኃኒት ሲሰጥ እንዲሞቱ አደረጉ። በአይጦቹ ላይ የዓይን ሞራውና የጡንቻው መመንመን ዘገየ። በ2016 በተለመደው መንገድ በሚያረጁ አይጦች ላይ ሲደግሙት፣ የአይጦቹ መካከለኛ የሕይወት ዘመን በሩብ ገደማ ረዘመ። በ2018 ደግሞ ሌላ ቡድን ነገሩን ገልብጦ ሞከረው። መከፋፈል ያቆሙ ሴሎችን ወጣት አይጦች ውስጥ ከተተ። አይጦቹ እርምጃቸው ቀነሰ፣ ጉልበታቸውም ደከመ።

እነዚህን ሴሎች መርጠው የሚገድሉ መድኃኒቶች ሴኖሊቲክ ይባላሉ። በ2015 የታወቁት የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ዳሳቲኒብ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒትና በብዙ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኘው ኩዌርሴቲን ናቸው። አሠራራቸው ብልሃት አለው። የቆመ ሴል ራሱ በሚረጨው መርዝ እንዳይሞት የመከላከያ መንገዶችን ያጠናክራል። መድኃኒቱ እነዚያን መንገዶች ለአጭር ጊዜ ሲዘጋበት ይሞታል። ጤነኛው ሴል ግን እነሱ ላይ ያን ያህል ስላልተደገፈ ያልፈዋል።

በሰው ላይስ? እስካሁን ያለው ተስፋም ትምህርትም ነው። በ2019 ሳንባቸው በጠባሳ በተያዘ 14 ሕሙማን ላይ በእነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች የተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ በእግር የሚሄዱበትን ርቀት አሻሽሎ ታይቷል። ነገር ግን ሙከራው ትንሽ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። በ2020 ደግሞ ለጉልበት አርትራይተስ የተሞከረ ሌላ ሴኖሊቲክ መርፌ፣ መድኃኒት ከሌለበት መርፌ የተሻለ ሕመም አላስታገሰም። ስለዚህ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ ዳሳቲኒብ እንዲወስድ አልመክርም። የደም ሴሎችን ቁጥር ይቀንሳል፣ ሳንባ ዙሪያ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል። በሐኪም እጅ የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት ነው።

ሌላው ራስ ምታት መለኪያው ነው። እነዚህን ሴሎች ብቻ ለይቶ የሚያሳይ አንድ ምልክት የለም። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት፣ ሴሉን ሰማያዊ የሚያደርገው ቀለም ጠቃሚ ቢሆንም፣ አንዳንዴ ጤነኛውንም ሴል ያቀልማል። ደም ሰጥቶ «ስንት ያረጁ ሴሎች አሉብኝ?» ለሚል ሰው አስተማማኝ መልስ የሚሰጥ ምርመራም ገና አልተገኘም። በ2021 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ድጋፍ የተቋቋመው ሴንኔት የተባለ ፕሮጀክት አሁን የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በየአካል ክፍሉ የትኞቹ ሴሎች እንደቆሙና ምን እንደሚረጩ ካርታ ያዘጋጃል። ቁስል የሚጠግነውን ትቶ መገጣጠሚያ የሚበላውን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ለመሥራት መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።