ብርሃን አስተጻምሮን በሴንሰር ማስተማር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ላሉ ትምህርት ቤቶች

ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር፣ ውሃ ከሥር ይወስዳል፣ በፀሐይ ጉልበት ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅን ይለቃል። ይህን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጅ በቃሉ ይወጣዋል። ችግሩ ምኑም በዓይን አለመታየቱ ነው።

የተለመደው ማሳያ የአዮዲን ሙከራ ነው። ቅጠሉ ይቀቀላል፣ በሞቀ አልኮል አረንጓዴው ይለቃል፣ አዮዲን ሲንጠባጠብበት ከስኳሩ የተሠራ ስታርች ያለበት ቦታ ይጠቁራል። ጥሩ ሙከራ ነው፤ ግን የሚያሳየው ያለቀውን ሥራ ነው። ሴንሰር ግን ቅጠሉ እየሠራ እያለ ያሳያል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ዋናው መሣሪያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ነው። ጋዙ ኢንፍራሬድ ጨረር ስለሚውጥ፣ ምን ያህል ጨረር እንደጎደለ ለክቶ መጠኑን በፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ስንቱ ይህ ጋዝ እንደሆነ) ይነግራል። የብርሃንና የሙቀት ሴንሰር ከጎኑ ቢኖር ደግ ነው። አንድ ለክፍሉ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ከአርዱይኖ (ሴንሰሩን የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር በፓወር ባንክ ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከግቢው የተቀጠፈ ጎመን ብርሃን በሚያሳልፍ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ ከሴንሰሩ ጋር ይገባል፣ ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ በደንብ ይደፈናል። ከነአፈሩ የተተከለ ችግኝ ግን አይመከርም፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ስለሚተነፍሱ ውጤቱን ያበላሹታል። ክዳኑ ልጆች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ቢዘጋ ይሻላል፣ ምክንያቱም በሩ የተዘጋ ክፍል በቀላሉ 1,000 ፒፒኤም ስለሚያልፍ ቁጥሩ ሲወርድ ለማየት ሰፊ ጊዜ ይገኛል። ዕቃው ውስጥ እፍ ማለት ግን አይሆንም፦ ትንፋሻችን 40,000 ፒፒኤም ገደማ ስለሆነ ብዙ ርካሽ ሴንሰሮች ከሚለኩት በላይ ነው።

ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ መውረድ ይጀምራል። በጥቁር ጨርቅ ሲሸፈን ተመልሶ ይወጣል። ብዙ ልጅ ተክል የሚተነፍሰውና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው ማታ ብቻ ይመስለዋል፤ ቀንም ይተነፍሳል። እዚህ ላይ ነጠላ ይጠቅማል። ዕቃው አንዴ በነጠላ ሲሸፈን ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ነጠላው ታጥፎ ሲደራረብ መውረዱ ይዝላል፣ የሆነ እጥፋት ላይ ሲደርስ ደግሞ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። ቅጠሉ ሥራ አቁሞ አይደለም፤ የሚወስደውና የሚተነፍሰው እኩል ሆኖ ነው። እዚህ ጋ መምህሩ ቶሎ ባይመልስና ልጆቹ ቢከራከሩበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ያልፋል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ጋዙ ከአየሩ ያለውን ድርሻ ሳይሆን በፊቱ ያለውን የጋዝ መጠን ስለሆነ፣ ከፍታው ካልተነገረው ከእውነተኛው ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ከ420 በላይ የሆነውን የደጅ አየር 320 ገደማ ሊል ይችላል። ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ ያለ መምህር ይህን ሲያይ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ አልተበላሸም። አንዳንዱ ሴንሰር ከፍታ ይሞላለታል፣ ለሌላው በስሌት ይታረማል። መውጣት መውረዱን ብቻ ለማየት ከሆነ ባይታረምም ችግር የለውም።

ሌላው ወጥመድ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ሴንሰር ነው። በቅርብ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር የደጅ አየር ነው ብሎ ይይዛል። ከጎመን ጋር ተዘግቶ ከዋለ ያን ዝቅተኛ ቁጥር ለደጅ አየር እንደያዘው 400 ይቆጥረዋል፣ ከዚያ በኋላ ንባቡ ሁሉ ይዛባል። ከሙከራው በፊት ይህ ቅንብር ይጥፋ።

ክበብ ላላቸው ልጆች የጎመንና የበቆሎ ቅጠል ማወዳደር አለ። በጎመን ቁጥሩ ወርዶ 50 ፒፒኤም አካባቢ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በቆሎና ጤፍ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን አከማችተው የሚጠቀሙበት ተጨማሪ ዘዴ ስላላቸው ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። ርካሽ ሴንሰር ብቻውን በ50 ፒፒኤም ሊሳሳት ስለሚችል፣ ሁለቱንም በአንድ ሴንሰርና በአንድ ዕቃ፣ ተራ በተራ፣ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።