ቴርሞስታት ምንድን ነው?

በታህሳስ ውርጭ፣ ጎህ ሲቀድ ከደብረ ብርሃን በሚነሳ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ሹፌሩ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። የሚነፍሰው ግን ከውጭው አየር አይሻልም። የሙቀት መለኪያው ቀስትም ከታች አልነሳ ብሏል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሞቂያው አይደለም። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ጭራሽ የለም።

ቴርሞስታት የሙቀት በረኛ ነው። የመኪናው ቴርሞስታት ሆዱ ውስጥ ሰም ያለበት ትንሽ ብረት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ወደ ማብረጃው፣ ወደ ራዲያተር፣ እንዳያልፍ ይዘጋል። ውሃው 82 ወይም 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ይገፋዋል። የጋቢናው ማሞቂያ የሚሠራውም በዚሁ በሞቀ ውሃ ነው።

«ጣርማ በርን፣ ያን ዳገት፣ ስትወጣ ሂት እንዳያደርግብህ» (ሞተሩ ከልክ በላይ እንዳይግልብህ) ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ። የኔንም አንዱ አውጥቶት ሁለት ወር ጋቢ ለብሼ ነዳሁ። መኪናው የሚበላው ነዳጅም ጨመረ። ሂት ለሚያደርግ መኪና መጀመሪያ ራዲያተሩና የውሃ ፓምፑ ይታይ።

ቴርሞስታቱን ለመሞከር ሞተሩ ሲበርድ ይፈታና ድስት ውስጥ ይቀቀላል። እዚህ ላይ ግን የደጋ ጉድ አለ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። 82 የተጻፈበት ሲከፈት በግልጽ ይታያል። 88ቱ ግን ገርበብ ብሎ ብቻ ሊቆም ይችላል። ጤነኛውን ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

የቤት ቦይለርም ቴርሞስታት አለው፤ የሱ ሥራ ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ነው። ውሃው ጭራሽ ካልሞቀ ብሬከሩን አጥፉና ክዳኑን ፍቱ። ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ብቅ ትላለች። ጫን አድርጓት፣ ክዳኑን ግጠሙና ብሬከሩን መልሱ። በሳምንቱ ደግማ ብቅ ካለች አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ በሰዓቱ መቁረጥ ትቷል ማለት ነው፤ ይቀየር። ለብ ብሎ የሚቀር ውሃ ከሆነ ግን የሚግለው ብረት ኖራ ለብሶ እንዳይሆን እዩት።

የቦይለር ቴርሞስታት ልትገዙ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የዘንጉ ርዝመትና ላዩ ላይ የተጻፈው አምፔር ካልገጠመ፣ ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም አትግዙት።