ባሮ ኮሎራዶ፦ ዛፉ አንድ በአንድ የተቆጠረለት ደሴት

መካከለኛው አሜሪካ፣ ፓናማ ውስጥ የሚገኘው ባሮ ኮሎራዶ ድሮ ደሴት አልነበረም፤ ኮረብታ ነበር። ለፓናማ ቦይ ሲባል የቻግረስ ወንዝ ተገደበ፣ የጋቱን ሐይቅ ሞላ፣ ዙሪያው በሙሉ በውሃ ተዋጠና አናቱ ብቻ ቀረ። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1914 ተከፈተ። ደሴቱ በ1923 ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ በ1946 ደግሞ የአሜሪካው ስሚትሶኒያን ተቋም ተረከበው። ስፋቱ ከ1,500 ሄክታር ብዙም አይበልጥም። የሐሩር ደንን በተመለከተ ግን የዚህን ያህል የተጠና ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ዋናው ሥራ ቆጠራ ነው። ተመራማሪዎቹ እስቲቨን ሀበልና ሮቢን ፎስተር በ1980 ደሴቱ ላይ 50 ሄክታር ደን ከለሉ። ደረት ከፍታ ላይ ሲለካ 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ግንድ ሁሉ፣ ማለትም ከትንሽ ጣት የማይወፍረው ቀጭን ችግኝ ሳይቀር፣ ቁጥር ይታሰርለታል፣ ይለካል፣ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ከ200,000 በላይ ግንድ፣ 300 ገደማ ዝርያ! በየአምስት ዓመቱ ገደማ ደግሞ እንደገና ይቆጠራል። አሰልቺ ነው፤ ጥቅሙም የሚታየው ቆይቶ ነው። ለምሳሌ በ1982 እና 83 የኤልኒኞ ድርቅ ሲመጣ የትኛው ዛፍ እንደሞተና የትኛው እንደቻለው በግምት ሳይሆን በቁጥር ታወቀ። ችግኝ የራሱ ዝርያ በበዛበት ቦታ ቶሎ እንደሚሞትም ከዚሁ መዝገብ ታይቷል። የዝርያው ጠላቶች፣ ነፍሳቱም ፈንገሱም፣ እዚያው ተሰብስበው ይጠብቁታላ። አንድ ዛፍ ደኑን ብቻውን እንዳይወርስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ በዚሁ ዘዴ የሚቆጠሩ ደኖች በዓለም ዙሪያ ከ70 በላይ ናቸው።

እንስሳቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። አጉቲ የምትባል ትልቅ የአይጥ ዘመድ የዘንባባ ፍሬ መሬት ውስጥ ትደብቃለች። ተመራማሪዎች ፍሬዎቹ ላይ የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ አስረው ሲከታተሉ አንዷ ፍሬ 36 ጊዜ ተቆፍራ እንደገና ተቀብራ አገኟት። አጉቲዎቹ ለካ እርስ በርስ ይሰራረቃሉ! ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረው ዘገምተኛ እንስሳ፣ ስሎዝም፣ በእንቅልፋምነት ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። በሰው እጅ ተይዞ ሲኖር በቀን 16 ሰዓት ያህል ይተኛል ይባል ነበር፤ እዚህ ጫካው ውስጥ ሲለካ ግን 10 ሰዓት እንኳ አልሞላም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የቱንጋራ እንቁራሪት ነው። ወንዱ ማታ ኩሬ ውስጥ ሆኖ ሴት ይጠራል። ጥሪው ረጅም ድምፅ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ቸክ፣ ቸክ» ከጨመረበት ሴቶቹ ይበልጥ ይመርጡታል። ችግሩ እንቁራሪት አዳኟ የሌሊት ወፍም ይህንኑ «ቸክ» ትወደዋለች። ጎረቤቱ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ «ቸክ» ሳይጨምር ይጮኻል፤ ፉክክር ሲነሳ ግን አደጋውን ረስቶ ይጨምራል።

ደሴት መሆን ዕዳም አለው። ውሃው ከከበበው ወዲህ በርካታ የወፍ ዝርያዎች ከባሮ ኮሎራዶ ጠፍተዋል። ክንፍ እያላቸው ለምን ከማዶ አይመለሱም? ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች የደን ወፎችን በጀልባ ወስደው ጋቱን ሐይቅ ላይ ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች 100 ሜትር እንኳ መብረር አቃታቸው።