የፍላሽ ኬብል ማራዘም ምንድን ነው?

ካሜራው አናት ላይ የተቀመጠ ፍላሽ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ ጥላውንም ከኋላ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ወደ ጎን ሲወሰድ ግን አፍንጫና ጉንጭ ቅርጻቸው ይወጣል። የፍላሽ ኬብል የሚያገለግለው ለዚህ ነው። አንዱ ጫፉ ካሜራው አናት ላይ ይሰካል፣ ሌላው ፍላሹን ይይዛል።

ችግሩ ማጠሩ ነው። የካኖን ኦሲ-ኢ3 ፍላሹን ከካሜራው የሚያርቀው 60 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የኒኮን ኤስሲ-28 ደግሞ 1.5 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ገመዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ሲለጠጥ ይጎትታል። አንዴ ፍላሹን ስታንድ ላይ ሰቅዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ከነስታንዱ ተከትሎኝ መጣ።

ማራዘም ማለት እንግዲህ ይህን ኬብል መሃሉ ላይ ቆርጦ ሌላ ረጅም ገመድ ማስገባት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ግን ውስጡ ያለው አንድ ሽቦ አይደለም። ካሜራው ላይ በሚሰካው ጫፍ መሃል ያለው የብረት ነጥብ "አሁን አብራ" የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። ጎኑ ያለው ብረት ግራውንድ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው። የቀሩት ትንንሽ ነጥቦች ካሜራውና ፍላሹ የሚነጋገሩባቸው ናቸው፦ ፍላሹ ቀድሞ በትንሹ ይበራል፣ ካሜራው የተመለሰውን ብርሃን ይለካል፣ ከዚያ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል። ቲቲኤል የሚባለው ይኸው ነው። በድምሩ ካኖን ላይ 6፣ ኒኮን ላይ 5 መስመር ይሆናል። ኃይሉን በእጃችሁ የምታስተካክሉ ከሆነ ግን መሃለኛውና ግራውንዱ ብቻ ይበቃሉ፤ ይህን ሁሉ ድካም ባትገቡበት ይሻላል።

ለማራዘሚያ ብዙዎች የሚመርጡት የኔትወርክ ኬብል ነው። ውስጡ 8 ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ። ትርፎቹን ከግራውንዱ ጋር አያይዟቸው። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይሁን፤ ደረቁ ነጠላ ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል። እኔ በቀጥታ ሶልደር ከማድረግ (በቀለጠ ብረት ከማጣበቅ) ይልቅ የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ላይ የኔትወርክ ሶኬት ማድረግን እመርጣለሁ። ያኔ ዛሬ 3 ሜትር፣ ነገ 8 ሜትር መሰካት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያንን ሶኬት ከኮምፒውተር ወይም ከኔትወርክ ሳጥን ጋር በስህተት እንዳታገናኙት። አንዳንዱ የኔትወርክ መስመር ወደ 48 ቮልት ይሸከማል፣ ካሜራችሁን ሊያቃጥለው ይችላል።

የሽቦዎቹን ቀለም አትመኑ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን (መልቲሜትሩን) ሽቦ ሲገናኝ ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ አድርጉና ከእያንዳንዱ ነጥብ እስከ ወዲያኛው ጫፍ አንድ በአንድ ፈትሹ። ጢጥ ማለት ያለበት ከጓደኛው ጋር ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ጢጥ ካለ ሁለቱ ተነካክተዋል ማለት ነው። ፍላሹን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያከማች ካፓሲተር ፍላሹ ከጠፋ በኋላም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ፍላሹን ያለ ገመድ የሚያበራ ሬድዮ እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ኬብል ተጨማሪ ባትሪ አይጠይቅም፣ ሲግናል አይጠፋበትም። ከክፍል ውጭ ለሚሠራ ሰው ግን ሬድዮው ይሻለዋል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ሰው ይጥላል።

ሰክታችሁ ስትጨርሱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን ዙም አድርጉት። ፍላሹ ውስጥ ያለው ዙምም ዝዝ እያለ ከተከተለው ሁለቱ እየተነጋገሩ ነው።