ቻርጀሩን ተዉትና ምጣዱን እዩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ቤት ገብቼ የመሣሪያ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ቻርጀር ሁሉ ነቅለናል፤ ሂሳቡ ግን ሊቀንስ አልቻለም።» ሰልችቶኛል። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ በጠናበት ሰሞን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ቆጣሪው «እየሮጠ» ነው ተባለ። ስገባ ሶኬቱ ሁሉ ባዶ ነው። ቻርጀሮቹ በላስቲክ ታስረው ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ቴሌቪዥኑም ተነቅሏል። «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ሁሉን ነቅዬ ነው የማድረው» አሉኝ። ጓዳ ስዘልቅ ግን ምጣዱ ግሏል። ሊጡ ገና እየተበጠበጠ ነው። ምጣዱ «እንዲሞቅ» ከተበራ ግማሽ ሰዓት አልፎታል።

«እማማ፣ ይምጡ ላሳይዎት» ብዬ ወደ ቆጣሪው ይዣቸው ወጣሁ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። ፊቱ ላይ ደግሞ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት (ሂሳብ የሚታሰብበት መለኪያ) እንደሚሞላ ተጽፏል። የእሳቸው 1600 ይላል። ሰዓት ይዘን ቆጠርን፦ በደቂቃ ከ90 በላይ። ምጣዱን አጠፋን። ሌላ የሚሠራ ነገር አለመኖሩን አየን። ከዚያ አንዱን ቻርጀር ያለ ስልክ ሰክተን መብራቷ ላይ አፈጠጥን። ምንም የለም። ቆየን። አሁንም ምንም። ብርዱ አላስቆም ሲለን ገባን።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ስልክ ያልተሰካበት ደህና ቻርጀር የሚወስደው ከዋት ሲሶ አይበልጥም። በእሳቸው ቆጣሪ መብራቷ ለእሱ ብልጭ የምትለው በሁለት ሰዓት አንዴ ገደማ ነው። ያ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይቆጥራል። በዚህ ኃይል ባዶውን ቻርጀር ሁለት ዓመት ሌት ተቀን ሰክታችሁ ልትተዉት ትችላላችሁ። አንዲት የ9 ዋት አምፖልም በቀን አምስት ሰዓት ብትበራ በወር የምትቆጥረውን፣ ምጣዱ በ23 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እማማ በባዶ ያጋሉት ግማሽ ሰዓት ነበር። ልጆቹን ግን ስለ አምፖል ሲቆጧቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቻርጀር አትንቀሉ እያልኩ አይደለም። ርካሹ ቻርጀር ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ዕቃ ያቃጥላል። ለዚህ ብላችሁ ንቀሉ። ለሂሳብ ብላችሁ ከሆነ ግን ድካም ነው። ሂሳብ የሚበላው የሚያሞቅ ነገር ነው፦ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ሂተር፣ ቦይለር፣ ካውያ። በቃ። የሚያበራና የሚያወራ ዕቃ ፍርፋሪ ነው የሚለቅመው። (የድሮው የ100 ዋት አምፖል እስካሁን ካላችሁ እሱን ቀይሩት። እሱም ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱ ነው የሚበዛው።)

ስለዚህ ምጣዱን ያዙት። መጀመሪያ ሊጡን አዘጋጁ፣ ማሰሻውንና ሰፌዱን አጠገባችሁ አድርጉ፣ ከዚያ አብሩ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ምጣዱ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል የሚበላው በየጊዜው አዲስ ነውና። የእኛ አገር ብርድ ደግሞ እንጀራን ቶሎ አያሻግትም፤ ብርዱ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ጎረቤት ካላችሁ ተከታትላችሁ ጋግሩና ሂሳቡን ተካፈሉ። ሁለት እንጀራ ሲቀራችሁ አጥፉት፤ በያዘው ግለት ይወጣል። በተረፈው ሙቀት ድርቆሽ ይደርቅበታል። የጓዳውን በር ዝጉት፤ ከውጭ የሚገባው ንፋስ በየአክንባሎው መክፈቻ ግለቱን ይሰርቃል።

«ማታ መጋገር ይረክሳል» የሚሉም አሉ። አይረክስም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰዓት አይለይም። እንዲያውም ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ኃይል ይወርዳል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 180 ሲሆን የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ እናንተም ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ሙቀቱም ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ይበናል። ጠዋት ጋግሩ።

«ካርድ ቆጣሪ ይሮጣል።» ብሬከሩን ዝጉና መብራቷን እዩ። ከቆመች ቆጣሪው አልሮጠም፤ የሮጣችሁት እናንተ ናችሁ። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ፣ ብሬከሩ ግን ክፍት ሆኖ ብልጭ ካለች ያኔ ጥሩኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ተጠርቼ ኮርኒስ ውስጥ ወደ ጎረቤት ሱቅ የምትሻገር ሽቦ አግኝቻለሁ።

ሶኬት ላይ ስትሰካ «ሂሳብ በግማሽ ትቀንሳለች» የምትባል ሳጥን አለች። አንዷን ፈትቼ አይቻታለሁ። ውስጧ ያለው ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ የሚለቅ ዕቃ) እና አረንጓዴ መብራት ነው። ለምጣድ ምንም አትፈይድም። መብራቷ ራሷ ትቆጥራለች።

«ፍሪጅ ማታ ማጥፋት ይቆጥባል።» እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም። ደብረ ብርሃን ሌሊት ላይ ፍሪጁ ራሱ ሥራ ፈት ነው።

ድስት ላይ እንምጣ። ብዙ ሰው ወጡ ከፈላ በኋላም ስቶቩን ከፍ እንዳደረገ ይተወዋል፤ ቶሎ እንዲበስል። አይበስልም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትጥዱት ወደ 96 ይጠጋል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው እንጂ እህሉ ስለከፋ አይደለም። ውሃው አንዴ ከፈላ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሩበት ትርፉ እንፋሎት ነው። ስለዚህ ሲፈላ ዝቅ አድርጉት፣ ክደኑት። ጥራጥሬውን ከዋዜማው ዘፍዝፉት። ከቻላችሁ ደግሞ ፕሬዠር ኩከር ግዙ። ቆላ ላለ ሰው ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ለደጋ ሰው ግን ያ የጎደለውን ሙቀት የሚመልስ ድስት ነው። የእኔ ቤት ሽምብራ ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ አሁን ዜና ተጀምሮ እስኪያልቅ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሂተር ሂሳብ ያበዛል ብለው፣ ከሰል አቀጣጥለው መኝታ ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። «በደንብ ከተቀጣጠለ፣ ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም» ይላሉ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ፍሙ ቀልቶ አምሮበት እያለም ይወጣል። ጨው ብትበትኑበትም ያው ነው። ሂተር ካስወደዳችሁ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ድፈኑ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ለመኝታ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ያዙ። ሂተሩንም ለእንቅልፍ ሳይሆን ከመተኛታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ አብሩት። ከሰል ግን ደጅ ይቅር። ይሄ የቁጠባ ጉዳይ አይደለም።

ተከራዮች ደግሞ «ከአከራይ ጋር በአንድ ቆጣሪ መጠቀም ይረክሳል» ይላሉ። ተገላቢጦሽ ነው። ታሪፉ በእርከን ነው የሚሄደው። ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይወደዳል። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የአራቱ ምጣድ ተደምሮ ከፍ ያለው እርከን ላይ ይወጣል። ሻይ ብቻ የሚያፈላው ላጤ የባለ ምጣዱን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። የራስ ቆጣሪ ማስገባት ወረፋውና ምልልሱ ቢያሰለችም ያዋጣል። እስከዚያው ግን በየክፍሉ መለኪያ አስገቡ፤ ቢያንስ ጠቡ ይቀንሳል።

ስለ ውሃ አንድ ነገር። «ጠብታ ምን ያስከፍላል?» በሴኮንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን ከአንድ ባልዲ በላይ ያፈሳል። ጎሚኒው (የቧንቧው ማሸጊያ ጎማ) የሳንቲም ዕቃ ነው፣ ቀይሩት። «ውሃ ሄዶ ሲመጣ አየሩ ቆጣሪውን ያዞረዋል» የሚለው ግን፣ ሰው ቢስቅበትም፣ እውነትነት አለው። መስመር ውስጥ የታፈነው አየር ሲገፋ ቆጣሪውን ያሽከረክራል። ውሃ ሲሄድ ቧንቧውን ከፍታችሁ «ሲመጣ ይሰማኛል» ብላችሁ አትተኙ። ዝጉት። ሲመጣም በቀስታ ክፈቱት፤ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ስለሆነ በባልዲ ተቀብላችሁ ለወለል አድርጉት።