ስለ ዜና ፕሮዲዩሰር የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ የቴሌቪዥን ዜና ፕሮዲዩሰርነት ነው። ሰርቪስ ስጠብቅም ሆነ ዕድር ላይ፣ ጎረቤቶቼ ስለ ሥራዬ የሚሉኝ ነገር ይመሳሰላል። አልፈርድባቸውም፤ ከካሜራ ጀርባ ያለ ሥራ አይታይም። ግን ማታ ቤታችሁ የሚገባውን ዜና ማን እንደሚመርጠውና እንዴት እንደሚመርጠው ማወቅ ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

«ፕሮዲዩሰር ከሆንክማ ብር አለህ»

ይሄ የመጣው ከፊልምና ከሙዚቃ ነው። እዚያ ወጪውን የሚሸፍነው ባለገንዘብ ነው ፕሮዲዩሰር የሚባለው። የዜናው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ወር ጠባቂ ደመወዝተኛ ነው። የዕለቱን ዜና ያሰባስባል፣ ይመርጣል፣ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ በሰዓቱ አየር ላይ ያውላል። ስህተት ከወጣ ቀድሞ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

«ዜናውን የሚያዘጋጀው አንባቢው ነው»

ዜና ማንበብ ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነው። ሥራው የሚጀመረው ግን ጠዋት፣ በኤዲቶሪያል ስብሰባ ነው። ማን የት ይሄዳል? ስንት መኪና አለ? የትኛው ካሜራ ማን ነፃ ነው? ከሰዓት በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ራንዳውን ያወጣል። የዜናዎቹ ቅደም ተከተልና የእያንዳንዱ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ የሚቀመጥበት ዝርዝር ማለት ነው።

ምሽት 2 ሰዓት ሲቃረብ ዝርዝሩ መፍረስ ይጀምራል። ወደ ቃሊቲ የሄደው ሪፖርተር መንገድ ተዘጋግቶበት ገና አልደረሰም። የሦስተኛው ዜና ድምፅ ተበላሽቷል። ስርጭቱ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የስቱዲዮው እንግዳ ከተሰጠው ሰዓት 2 ደቂቃ ያሳልፋል። ፕሮዲዩሰሩ መቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ አንዱን ዜና ይጥላል፣ ሌላውን ያሳጥራል። በማዳመጫው አንባቢዋን «አራተኛውን ዝለይው፣ ወደ ስፖርት ግቢ» ይላታል። እሷ ዓረፍተ ነገሯን እያነበበች ነው የምትሰማው። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። እቤት ያለው ሰው አንድ ዜና እንደቀረበት አያውቅም።

«ሪፖርተርና ካሜራ ማን ካሉ በቂ ነው»

ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ተቀርጾ የተላለፈውን የረሃብ ዘገባ ዓለም የሚያስታውሰው በካሜራ ባለሙያው በመሐመድ አሚንና በቢቢሲው ሪፖርተር በማይክል ቡርክ ስም ነው። ይገባቸዋልም። ነገር ግን አንድ ዜና ብዙውን ጊዜ ከ2 ደቂቃ በላይ በማያገኝበት ሰዓት ውስጥ ለዚያ ዘገባ 7 ደቂቃ ያህል ተሰጥቶታል። ሌላ ዜና ቀንሶ ያንን ደቂቃ የሚሰጠው ሜዳ ላይ ያለው ሰው አይደለም፤ ዜና ክፍል የተቀመጠው ነው።

«ጎበዝ ፕሮዲዩሰር ሰበር ዜና የሚያስቀድም ነው»

በዚህ አጥብቄ እከራከራለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ እዚያው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችን ቤት ቀበረ። በማግስቱ የተነገረው የሟቾች ቁጥር ከ50 በታች ነበር። ቁፋሮው በቀጠለባቸው ቀናት ከ110 በላይ ሆነ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ።

እንዲህ ያለ ቀን ዜና ክፍል ውስጥ ስልክ አያቋርጥም። አንዱ 20 ይላል፣ ሌላው 200። ሁሉም «ካየ ሰው ነው የሰማሁት» ይላል። ፕሮዲዩሰሩ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ቁጥሩን የነገረን ማን ነው? እሱስ ከማን ሰማ? ስንት ሰዓት ላይ? ሁለተኛ ሰው አረጋግጧል? ከዚያ ቁጥሩ ይወጣል፤ ግን «እስካሁን» እና «እገሌ እንደገለጸው» ከሚሉት ጋር ነው። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ለተመልካች ማሟያ ይመስላሉ። ቁጥሩ ነገ ሲጨምር «ትናንት ዋሽታችሁናል» እንዳይባል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ከቁጥሩ የሚከብደው ምስሉ ነው። የተቀበረ ልጇን የምትጠብቅ እናት ፊት ለፊት ካሜራ ቆሟል። ምስሉ ኃይለኛ ነው፤ ሰው ያያል፣ ያለቅሳል። ግን እሷ ፈቅዳለች? መፍቀድ በምትችልበት ሁኔታ ላይ ናት? ዘመድ በስልክ ያልተረዳውን ሞት ከቴሌቪዥን ይስማ ወይ? እኔ በዚህ ጉዳይ መዘግየትን እመርጣለሁ። ሌላ ጣቢያ በ10 ደቂቃ ቢቀድመን ቤተሰቡ ላይ ምንም አይጎድልም።

«ንግግሬን ቆርጠውታል፣ ስለዚህ ዋሽተዋል»

20 ደቂቃ ያወራ ሰው 20 ሰከንድ ቢያገኝ ቅር ይለዋል። መቁረጥ ግን ግድ ነው። ጥያቄው ከተቆረጠ በኋላ ሐሳቡ ተለውጧል ወይ የሚለው ነው። እንበል አንዲት የኮዬ ፈጬ ነዋሪ «ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ድሮ ግን ጭራሽ አልነበረም» አለች። የመጀመሪያውን ብቻ ብናወጣ ወቀሳ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ብቻ ብናወጣ ምስጋና። ሁለቱም እሷ ያለችው አይደለም። ኤዲቲንግ ክፍል እየገባ ሙሉ ቅጂውን የማያይ ፕሮዲዩሰር ሥራውን አልሠራም።

«ጋዜጠኝነት ካልተማርክ አትገባበትም»

መማሩ ይጠቅማል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤት ስርጭት ሲጀምር ሰዎቹ ሙያውን የለመዱት እየሠሩ ነው። ዛሬም ቋንቋ፣ ቲያትር ወይም ታሪክ ተምረው የመጡ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ሰው ሪፖርተር ሆኖ ይጀምራል፣ ኤዲተር ይሆናል፣ ከዚያ ነው ፕሮዲዩሰርነት የሚመጣው። ፋሲካም ዘመን መለወጫም ሥራ ሊሆን እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ።

«የከተማው ዳር ዜና የማይሠራው ስለሚንቁን ነው»

ይሄኛው ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም። ንቀት ባይሆንም ምቾት አለ። መሃል ከተማ ያለ አዳራሽ ውስጥ መግለጫ ሲኖር በግማሽ ቀን ሁለት ዜና ይሠራል። የካ አባዶ ወይም ገላን ለመሄድ አንድ መኪናና አንድ ካሜራ ሙሉ ቀን ይይዛል፤ ደርሶ ደግሞ የሚመለከተው ኃላፊ «ደብዳቤ አምጡ» ሊል ይችላል። ፕሮዲዩሰሩ ጠዋት ስብሰባ ላይ ለዚያ መኪና መከራከር አለበት። እኔ የዳር ነዋሪ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ ከተማዋ እየሰፋች ያለችው ወደዚህ ስለሆነ ነው።

እናንተም ልታግዙን ትችላላችሁ። ስትደውሉ «ሰፈራችን ተበድሏል» ብቻ አትበሉ። የት ብሎክ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት አመልክታችሁ ምን እንደመለሰላችሁ ንገሩን። የተጻጻፋችሁት ደብዳቤ ካለ ፎቶ አንሱት። ቪዲዮ ስትቀርጹ ስልኩን አግድም ያዙት፣ ቢያንስ 10 ሰከንድ ሳታንቀሳቅሱ ቆዩ። ካሜራ ፊት ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰውም አዘጋጁ። ይህ ሁሉ ካለ ጠዋት ስብሰባ ላይ መኪናው ይገኛል።